በ«ቆ» እና በ«ይ» መሀል

«ጋሻውን ለሌላ ሰው እንስጠውና እሷን የማያስቸኩል ነገር እናሲዛት» የሚለው ድምፅ ከሳሎን ሲመጣ እናትየዋ እጇ ሳሙና ውስጥ ነበር። ያጠበችውን ብርጭቆ መልሳ አጠበችው። ይህን ያለው ፈጣኑ ነው። ፈጣኑ ከምድር ቤቱ የሚኖር፣ በሞተር ሳይክል ዕቃ እያደረሰ የሚተዳደር ጎረቤት ነው፤ ሲናገርም እንደሚነዳው ነው፣ ፍሬን የሚባል ነገር አያውቅም። ክፋት ግን የለበትም፤ የእሷን የአስቤዛ ከረጢት ሳይጠየቅ ስንት ጊዜ ተሸክሞ ደረጃውን ወጥቷል። ያስፈራትም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢናገረው «ድሮም ክፉ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ደግ ሰው ሲናገረው ግን እውነት ይመስላል።

ጨዋታው ቅዳሜ ቅዳሜ በእሷ ሳሎን፣ በእሷ የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረግ ነው። አራት ሆነው ይቀመጣሉ። አንደኛው የታላቅ እህቷ ልጅ ነው፤ ሕግ ያጠናል፣ ጨዋታውንም የሚመራው እሱ ስለሆነ ዳኛው ይሉታል። ጫካውን፣ ግንቡን፣ ሽፍታውን በአፉ ይስላል። ሦስቱ ደግሞ፣ ልጇና ፈጣኑን ጨምሮ፣ ራሳቸው የፈጠሩትን ሰው ይዘው እዚያ ዓለም ውስጥ ይገባሉ፤ ሰውየው ምን እንደሚያደርግ እነሱ ይናገራሉ፣ ይሳካ አይሳካ የሚለውን ሃያ ፊት ያለው የፕላስቲክ ጠጠር ይወስናል። እናትየዋ መጀመሪያ ሰሞን ቁማር መስሏት እንቅልፍ አጥታ ነበር። ቁማር እንዳልሆነ ስትረዳ ጥንቆላ እንዳይሆን ፈራች። ጥንቆላም እንዳልሆነ ሲገባት፣ ልጇ ከልቧ ስትስቅ ሰማችና ዝም አለች።

ውጊያ ሲመጣ ሁሉም በየተራው ነው። ከተራ ውጭ የተፈቀደ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ ምላሽ ይሉታል። ጠላት ሲሰነዝር፣ ተራህ ባይሆንም፣ አንድ ጊዜ ጣልቃ ትገባለህ፤ ጋሻ ትዘረጋለህ፣ ወይ ጓደኛህን ገፍትረህ ታድናለህ። ጊዜው ግን እንደ መርፌ ቀዳዳ ነው። ጠላት መሰንዘሩ ከተነገረ በኋላ፣ ጠጠሩ ጠረጴዛው ላይ ተንከባሎ ከመቆሙ በፊት መጥራት አለብህ። ቀድመህ ከጠራህ የምትመክተው ነገር ገና አልመጣም፤ ዘግይተህ ከጠራህ ነገሩ አልቋል። የሚጠራውም በአንድ ቃል ነው፤ «ቆይ»። አጭር ነው ብለው ነው የመረጡት። ሰው በቀን ስንት ጊዜ «ቆይ» እንደሚል አላሰቡበትም። አንድ ቅዳሜ ፈጣኑ «ቆይ ግን ምሳ ምንድን ነው?» ቢል ዳኛው «ምላሽህን ተጠቅመሃል» ብሎ ፈረደበት፤ ወዲያው ዘንዶ ዋጠው። ያን ቀን ፈጣኑ እውነተኛ ምሳውንም ሳይበላ ነው ተቆጥቶ የሄደው።

ለልጅቷ ግን ቃሉ አጭር አልነበረም። አንደበቷ ይያዛል። ከፊደል ሁሉ ደግሞ ከ«ቀ» ቤተሰብ ጋር ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይስማሙም። ወደ ጨዋታው ስትገባ ቃሉ ተመርጦ ነበር፤ ቀይሩልኝ አላለችም። የፈጠረቻት ሰው ጋሻ ያዥ ናት። የጋሻ ያዥ ሥራ ደግሞ ምላሽ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ሌላው ሲመታ መሀል መግባት። እናትየዋ ይህን ባወቀች ቀን፣ «ምነው ከስንቱ ሥራ ይህን መረጠች?» ብላ ስትብሰለሰል ዋለች።

የጠዋቱን ነገር ከኩሽና ሆና ከመጀመሪያው ሰምታዋለች። ዳኛው ጠጠሩን በመዳፉ እያንገጫገጨ፣ «ቀስተኛው ከግንቡ ላይ ሆኖ ሐኪሟ ላይ ለቀቀ» አለ። ሐኪሟን የምትጫወተው ነርሷ ናት፤ ሌሊት ስትሠራ አድራ በዚያው የምትመጣ፣ የልጅቷ የትምህርት ቤት ጓደኛ። ጠጠሩ መንከባለል ጀመረ። «ቆ... ቆ...» አለች ልጅቷ። እናትየዋም፣ ልጇ ስትያዝ ሁልጊዜ እንደምትሆነው፣ ከንፈሯ ቀድሟት ሄደ። ከዚያ ጠጠሩ ቆመ።

«አሥራ ዘጠኝ» አለ ዳኛው። «ገብቷል። ሐኪሟ ወደቀች።»

«ጀምራ ነበር እኮ!» አለች ነርሷ።

«ጀምራ ነበር፣ አልጨረሰችም። እኔ በግማሽ ቃል ምን ልፍረድ?»

«አንቺ ‹ቆይ› ብለሽ እስክትጨርሺ ቀስተኛው ጡረታ ይወጣል» አለ ፈጣኑ። ሳቁ። ስለ ጋሻው ያለውንም የተናገረው ያኔ ነው፤ ልክ ወንበር ቀይሪ እንደማለት፣ ቀለል አድርጎ።

ልጅቷም አብራ ሳቀች። እናትየዋን ያስደነገጣት ያ ሳቅ ነው። ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። ልጅቷ የምትሠራበት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ኃላፊ፣ «ለአንቺም ይቀልሻል» ብሎ ከደንበኛ ፊት ወደ ዕቃ ክፍል ያዛወራት ዕለት እቤት መጥታ ልክ እንዲህ ነበር የሳቀችው፤ በጥርሷ ብቻ፣ ዓይኗን ሳታስነካ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ካርቶን ትቆጥራለች፣ ካርቶን አያናግርም። ሰው ፊት አፏን የምትከፍተው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ከዚህም «ለአንቺ ይቀልሻል» ተብላ ከተነሳች ሌላ የት ትናገራለች? እናትየዋ ይህን አስባ አላቆመችም፤ አሳቧ እንደ ልማዱ ቁልቁል ሮጠ። ልጅቷ ጨዋታውን ስትተው፣ ጓደኞቿ ሲቀሩ፣ ክፍሏን ዘግታ ስትቀመጥ፣ እናቷ ስትሞት እንኳ ለቀባሪ መንገር አቅቷት ስትቆም ታያት። ብርጭቆውን ለሦስተኛ ጊዜ አጠበችው።

ዳኛው፣ «የጋሻው ጉዳይ ይታሰብበት፤ ችሎቱ ለከሰዓት ተቀጥሯል» ብሎ ተነሳ። ፈጣኑ የሚያደርሰው ዕቃ ነበረው፣ ነርሷም ትንሽ ማሸለብ ነበረባት። ቤቱ ጭር ሲል እናትየዋ እጇን እያደራረቀች ወደ ልጇ ክፍል ሄደች። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ትስባለች።

«ምን ሆንሽ የኔ እናት?»

«ም... ም...»

«ምንም? ምንም አልሆንሽም?»

ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች። እናትየዋ በሩን ቀስ አድርጋ መለሰችው።

እናትየዋ ልብስ አስተካካይ ናት። ሱቋ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መስታወትና አንድ መጋረጃ ብቻ የምትይዝ፣ ከጫማ ጠጋኝና ከስልክ ጠጋኝ መሀል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ቅዳሜ ቀኑ የዚፕና የወገብ ቀን ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የለበሱት ሱሪ እንደጠበባቸው ሰዎች ትዝ የሚላቸው ቅዳሜ ነው። አንድ ወፍራም ሰው ሱሪውን ዘርግቶ፣ «ጨርቁ ተኮማትሮብኛል፣ ወገቡን ትንሽ ልቀቂልኝ፣ ዚፑንም ቀይሪልኝ» አላት። ሌላ ቀን ቢሆን «ጨርቁ ምን ብሎ ተኮማተረ?» ብላ ታስቀው ነበር። ዚፑ ዋጋ መጨመሩን ነገረችው፤ ባለፈው ሳምንት ስንት እንደነበር ጠየቃት፤ ነገረችው፤ «ታዲያ ባለፈው ሳምንት ለምን አልመጣሁም?» አለ፣ ከራሱ ጋር እንደተጣላ። መኪናዋን እየረገጠች ጆሮዋ ግን እቤት ነበር። የጋሻውን ነገር አስር ዓይነት አድርጋ ፈረደችው፤ በአስሩም ልጇ ተሸነፈች። ቀና ስትል የሰውየውን ወገብ በመልቀቅ ፈንታ አጥብባ ሰፍታዋለች። ፈታችው። ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች ቆየችና ድንገት መጋረጃውን ጎትታ ሱቋን ዘጋች። ስልክ ጠጋኙ፣ «ምነው ዛሬ በጊዜ?» ሲላት፣ «ሰው ታሞብኝ» አለች። ውሸት መሆኑን ያወቀችው መንገድ ከተሻገረች በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሟርት እንዳይሆንባት ፈራች።

የእህቷ ቤት ሳሎን ሁሉ ነገር የተሸፈነበት ነው። ሶፋው ላይ ፕላስቲክ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ደግሞ አቧራ እንዳይነካው ስስ ላስቲክ። ሰው ሲቀመጥ ሶፋው ይንጫጫል፣ ስለዚህ እዚያ ቤት እንግዳ ሆኖ ዝም ማለት አይቻልም፤ ትንሽ ከተነቃነቅክ ፕላስቲኩ ይናገርብሃል። ሁለቱ እህትማማቾች ትይዩ ተቀመጡ። ስለ ውሃ መጥፋት፣ ስለ እህቷ ጉልበት፣ ስለ ደረጃው አወሩ። ከዚያ የሚወራ አለቀ። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ሲደርሱ ያልቅባቸዋል።

«እትዬ፣ ልጅሽን አንድ ነገር እንድትይልኝ ነው የመጣሁት» አለች እናትየዋ፤ ሶፋው ጮኸባት። ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳች። ጋሻውን፣ ቀስተኛውን፣ ጠጠሩን፣ በጠጠርና በቃል መሀል ያለችውን ቅንጣት ጊዜ። እህቷ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አዳመጠቻት።

«ይሄ ሁሉ ጨዋታ ነው?»

«ለእነሱ ጨዋታ ነው። ለእሷ ግን ጨዋታ አይደለም።»

እህቷ የሶፋውን ፕላስቲክ በመዳፏ አስተካከለች። ከዚያ፣ እንደዋዛ፣ «ባለፈው ስትመጡ» አለች፣ «ልጅሽን ሻይ ትጠጫለሽ ወይ አልኳት። አስታወስሽ? አንቺ ነሽ የመለስሽልኝ። ‹አትጠጣም› አልሽኝ። እኔ የጠየቅኩት እሷን ነበር እኮ።»

«እንዳትጨነቅ ብዬ ነዋ!»

«እንጃ። እኔስ አፏን ከፍታ ስታ... አየሁ ልበል? ልትጠጣ ፈልጋም ይሆናል።»

እናትየዋ ልትነሳ ቃጣች። ዳኛው ሰባት ዓመት ሆኖት አልጋ ላይ ይሸና እንደነበረ አፏ ላይ መጣላት፤ ዋጠችው። እህቷም አበዛሁ ብላ መሰለኝ ስልኳን አነሳች። «ስማ፣ አንተ ልጅ» አለች፣ ልጁ ሩቅ አገር ያለ ይመስል እየጮኸች። «ለአክስትህ ልጅ ጋሻዋን መልስላት። ምን ዓይነት ጋሻ እንደሆነ እኔ አላውቅም። ብረትም ይሁን ቆዳ፣ ብቻ መልስላት። ክርክር አልፈልግም፤ ሕግ የምታጠናው አክስትህን እንድታስለቅስ አይደለም።» ዘጋችው። «በቃ፣ አልቋል» አለች ለእህቷ። «ይኸውልሽ፣ እንዲህ ቀላል ነው።»

እናትየዋ ምርቃትም ምስጋናም ደባልቃ ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ግን እፎይታው ከሦስተኛው ፎቅ አላለፈም። ቀላል የሆነ ነገር ደግ ሆኖ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ አራቱም ጠረጴዛቸውን ሲከቡ እናትየዋ እንደ ጠዋቱ ኩሽና አልገባችም። የሚተኮስ ልብስ ይዛ ሳሎኑ ጥግ ተቀመጠች። ዳኛው ገና ከበሩ ጀምሮ ድምፁ ተለውጧል፤ የታመመ ሰው ሊጠይቅ የመጣ ይመስል ለስለስ ብሏል። ለልጅቷ ወንበር ሳበላት። ልጅቷ ወንበሩን አየች፣ እሱን አየች፣ ቆማ ቀረች።

«እህ» ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ ዳኛው። «ሁኔታዎችን ሁሉ ግምት ውስጥ በማስገባት፣ የጠዋቱ ምላሽ በጊዜው እንደ ደረሰ ይቆጠራል። ቀስቱን ጋሻው መክቶታል። ሐኪሟ አልወደቀችም። ጋሻውም ባለበት ይቆይ።»

«እንዴ!» አለ ፈጣኑ። «ጠዋት ግማሽ ቃል ቃል አይደለም ብለህ? እኔ ዘንዶ ሲውጠኝ እንዲህ አዝነህልኛል? አጥንቴን እንኳ አልመለስክልኝም!»

«ተው እባክህ፣ እናቴ እኮ ነች...» አለና ምላሱን ነከሰ።

ካውያው እናትየዋ እጅ ላይ ቆመ። ነርሷ ጠረጴዛውን አየች። ልጅቷ ቀስ ብላ ዞረች፤ ዓይኗ ከዳኛው ተነስቶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ እናቷ ላይ መጥቶ አረፈ።

«አ... አክስቴ ጋ ሄድሽ?»

እናትየዋ ልትክድ ፈለገች። የሚቃጠል ጨርቅ ሽታ ሲመጣ ካውያውን አነሳች። «ሄድኩ» አለች። «ምን ላድርግ? ጋሻውን ሲነጥቁሽ ዝም ብዬ ልይ?»

ልጅቷ የተሳበላትን ወንበር ወደ ቦታው መልሳ ሌላኛው ላይ ተቀመጠች። ለመናገር ስትዘጋጅ ሁልጊዜ እንደምታደርገው አገጯን ትንሽ ከፍ አደረገች። ከዚያ የተናገረችው ረጅም ነበር፤ ለማለቅም ጊዜ ወሰደ። እየወደቀች፣ እየተነሳች፣ አንዳንዱን ቃል ሦስት ጊዜ እያንኳኳች ነው የጨረሰችው። ጠዋት አልዘገየሁም አለች። ጀምሬ ነበር፣ ሊወጣልኝም ነበር። ግን ከኩሽና እማ «ቆይ» አለች። እሷ ስትጨርስልኝ እኔ አቆማለሁ። ሁልጊዜ አቆማለሁ። «ተ... ተብሎ ካለቀ በኋላ ምን ልበል?»

«እኔ?» አለች እናትየዋ። «እኔ ምንም አላልኩም!»

«ብለዋል» አለች ነርሷ፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። «እኔም ሰምቻለሁ። ወተት ገንፍሎብዎት የጮሁ መስሎኝ ነበር።»

ፈጣኑም አንገቱን እየወዘወዘ፣ «ሰምተናል ማዘር» አለ። «እኛ እኮ የእርስዎን ‹ቆይ› ለምደነው ነው፤ እንደ ማቀዝቀዣ ድምፅ ነው የምንሰማው።»

ማንም አልሳቀም። እናትየዋ የተቃጠለውን እጅጌ በጣቷ ትዳብሰው ጀመር። ልታስታውስ ሞከረች፤ ሳሙናው ትዝ አላት፣ ብርጭቆው ትዝ አላት፣ የልጇ «ቆ» ትዝ አላት። ድምፅ አውጥታ መናገሯ ግን ትዝ አላላትም። መተንፈሷስ መች ትዝ ይላታል?

«ሐኪሟ ወድቃለች» አለች ልጅቷ። «ስ... ስጦታ አልፈልግም። ቀስቱ ገብቷል። ጋሻው ግን የኔ ነው። አሁን ሕጉን እ... እናስተካክል። ከጀመርኩበት ይቆጠር። ከ‹ቆ›።»

ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ የታማሚ ጠያቂ ድምፁን ጣለው። ወደ ፊት ተጠጋ፤ ነገሩ ጥሞታል። ጠጠሩ አንዴ ከእጁ ከወጣ ሊያቆመው አይችልም አለ። ውጤቱ ከታየ በኋላ የሚመጣ ምላሽ ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ ሰው ሲያዋጣው ይጨርሳል፣ ሳያዋጣው ይተወዋል። ነርሷ፣ «ታዲያ በቃሉ ፈንታ ጠረጴዛውን ትምታ» አለች። ፈጣኑ፣ «ይሄ ነው! ጥፊ መሆን ይችላል፣ እኔን ካልሆነ» አለ። ልጅቷ ግን ራሷን ወዘወዘች።

«ድ... ድምፅ አለኝ» አለች።

ነርሷ ከመደርደሪያው አንድ ኩባያ አንስታ ጠረጴዛው ላይ ደፋችው። ሁሉም ኩባያውን አዩ፤ ፈጣኑም ሳይቀር ወዲያው ገባው። ምላሽ የሚፈልግ ሰው የቃሉን መጀመሪያ ሲያሰማ ዳኛው የሚንከባለለውን ጠጠር በኩባያው ይከድነዋል። ቃሉ እስኪያልቅ ማንም አያነሳውም፣ ማንም አያይም። «ሁለት ነገር ግን ልጨምር» አለ ዳኛው፣ ጣቱን እንደ እውነተኛ ዳኛ አንስቶ። «ካልጨረስሽው ምላሽ የለም። ሌላ ሰው ከጨረሰልሽም የለም። ከዚያ በኋላ ጋሻውን ለሌላ እንሰጣለን፤ አክስቴ፣ እኔንም ይዘዙኝ ለእናቴም ይደውሉላት፣ አልመለስም።»

«እሺ» አለች ልጅቷ። ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች። «እማ፣ አንቺ ው... ውጪ።»

«ከገዛ ቤቴ?»

«ቤቱ ያንቺ ነው። ቃሉ የኔ ነው።»

ደረጃው ቀዝቃዛ ነበር። እናትየዋ ሻርፗን አጥፋ ተቀመጠችበት። በሩ ስስ ነው፤ የወንበር መጎተት፣ ሳል፣ የዳኛው ትረካ ሁሉ ይሰማል። አምስት እርምጃ ሄዳ ጆሮዋን ብትለጥፍ ደግሞ የልጇን ትንፋሽ ትሰማ ነበር፤ ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘችው። አሁን ካልጨረሰች፣ አሁን እንኳ ካልወጣላት፣ ጋሻው ይሄዳል። ሕጉን ያስወጣችው ልጇ ራሷ ናት፤ አንቺ ተበድለሽ ነው ብሎ የሚያባብላት እንኳ አይኖርም። ምን አለበት ያንን ስጦታ ብትቀበል ኖሮ? ሰው በዚህ ዓለም ላይ ስንት ነገር በስጦታ ይወስዳል!

የላይኛው ፎቅ ጎረቤቷ ሽንኩርት ተሸክማ እያለከለከች ስትወጣ አገኘቻት።

«ምነው፣ ቁልፍ ጠፋብሽ?»

«አይ። ልጆቹ እየተጫወቱ ነው።»

«ታዲያ አንቺን ምን አስወጣሽ?»

«ጨዋታ አበላሻለሁ።»

ጎረቤቷ መልሱ አጥጋቢ ሆኖ አገኘችው መሰለኝ ከረጢቷን አስቀምጣ አጠገቧ ዘፍ አለች። የሽንኩርቱን ዋጋ ነገረቻት፣ ከዚያ ያለፈውን ሳምንት ዋጋ፣ ከዚያ ነጋዴው ምን እንዳለና እሷ ምን እንደመለሰች። እናትየዋ «እህ፣ እህ» ትላለች። ከውስጥ የዳኛው ድምፅ ዝግ ብሎ መጣ። ሽፍቶቹ ግንቡን ከበዋል። ሐኪሟ መሬት ላይ ናት፣ ገና ትተነፍሳለች። ቀስተኛው ሁለተኛውን ቀስት ደገነ። እናትየዋ የጎረቤቷን ክንድ ያዘች።

«የወደቀችው ሐኪም ላይ ለቀቀ!» አለ ዳኛው።

ጠጠሩ እንጨት ላይ ሲንደረደር ተሰማ። ወዲያው «ቆ...» እና የኩባያው ዱብታ፣ አንድ ላይ።

ከዚያ ምንም። እናትየዋ ይህን ዝምታ ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ ልጇ አፏን ከከፈተችበት ጊዜ ጀምሮ ሃያ ምናምን ዓመት የኖረችው እዚህ ዝምታ ደፍ ላይ ቆማ ነው። ልጅቷ አሁን አገጯን ከፍ አድርጋለች። ዓይኗን ጨፍናለች። አንገቷ ላይ ያለችው ጅማት ተወጥራለች። «ቆ... ቆ...» ተሰማ፤ ደግሞ ጠፋ። ቃሉ እናትየዋ ምላስ ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ሙሉ፣ ዝግጁ፣ ምንም የማይጎድለው። ልትውጠው ሞከረች፣ አልወረደላትም። መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ጎረቤቷ የጠብ ወሬ የሸተታት ይመስል ጆሮዋን ወደ በሩ አዘነበለች።

«እሺ እንግዲህ» አለ ፈጣኑ ከውስጥ፣ ወንበሩን እየገፋ፣ «ይሄ ነገር እንግዲህ...»

«ገ... ገና እየተናገርኩ ነው!»

ድምፁ ደረጃውን ሞልቶ እስከ ምድር ቤት ወረደ። እናትየዋ በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ከልጇ ሰምታ አታውቅም። የተቆጣ ነው፤ ልመና የለበትም። ወንበሩ ሲመለስ ተሰማ። ፈጣኑ፣ ያ ፍሬን የማያውቀው ልጅ፣ «ይቅርታ» አለ። ከዚያ በኋላ ማንም አልሳለም፣ ማንም አልሳቀም፣ ማንም «ምንም አይደል» አላላትም። ከበሩ ወዲያ ሦስት ሰዎች አንዲት የተደፋች ኩባያ ከበው፣ መጠበቅ ያለባቸውን ያህል ይጠብቃሉ።

«ምንድን ነው?» አለች ጎረቤቷ በሹክሹክታ። «ተጣሉ እንዴ? ያንቺ ልጅ ናት የጮኸችው?»

እናትየዋ መዳፏን ከአፏ ላይ አነሳች።

«የኔ ናት» አለች። «ገና አልጨረሰችም።»